ከግንቡ ወደ ማጀቱ
የጎንደር ዘመን ቤተሰብ ኑሮ በጣራ ገዳምና በፎገራ ዙሪያ እንዴት ይጠና?

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት የርብን ወንዝ ተሻግሮ በይፋግ በኩል ወደ አዲስ ዘመን ያመራል። በስተግራ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል፤ በዚያ ውሃ መሐል ሩዝ ይበቅላል። ሜዳው አልቆ መሬቱ ከፍ ማለት ሲጀምር፣ አዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ፣ ጣራ ገዳም ደኑን እንደ ለበሰ ይታያል። በዚህ ዙሪያ ካሉት የገበሬ ቤቶች ወደ አንዱ የሚገባ እንግዳ የሚያየው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ በባሕር ዛፍ ተማግሮ ጭቃ የተመረገ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ጥግ ይዞ የተሠራ መደብ፣ ከጓዳ የሚወጣ የምድጃ ጭስ። ሌማቱ ሲቀርብ ሩዝ የተቀየጠበት እንጀራ በበርበሬ የቀላ ወጥ ይዞ ይመጣል። ከምግቡ በኋላ ቡና ይፈላል። እንግዳው ይህን ሁሉ ዐይቶ አበው የኖሩት እንዲህ ነው ቢል፣ አይደለም ብሎ የሚከራከረው ሰው አያገኝም።

ነገር ግን እንግዳው ካያቸው ነገሮች አብዛኞቹ ለዚህ ቤት አዲስ ናቸው። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው)። ቆርቆሮ ወደ ገጠሩ ቤት የደረሰው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሩዝ በፎገራ ሜዳ ሥር የሰደደው በደርግ ዘመን፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባገዙበት ሥራ ነው። በርበሬ መነሻው አሜሪካ ስለሆነ፣ ኮሎምበስ በ1492 ባሕር ከማቋረጡ በፊት በማንም ኢትዮጵያዊ ድስት ውስጥ ሊገባ አይችልም ነበር። ቡና የአገሩ ዛፍ ቢሆንም፣ የሰሜኑ ክርስቲያን ቤተሰብ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ የሙስሊም መጠጥ ነው እያለ ሲርቀው ኖሯል። እንግዲህ ከግድግዳው እስከ ስኒው ያለው ሲመረመር፣ “ጥንታዊ” ያልነው ቤት በአብዛኛው ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ወዲህ ከብዙ አቅጣጫ የመጡ ነገሮች የተሰባሰቡበት ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል። የመካከለኛው ዘመንና የጎንደር ዘመን ቤተሰብ ኑሮ በዛሬው የገጠር ቤት ውስጥ ሳይለወጥ ተቀምጦ አይጠብቀንም። ዘመኑ ከሚታወቅ ማስረጃ ተነሥቶ፣ አንዱ ከሌላው እየተመሳከረ መጠናት አለበት። ማስረጃውም የለም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ከፊሉ በብራና ኅዳግ ላይ ተጽፏል፣ ከፊሉ በገድልና በመንገደኞች መጽሐፍ ውስጥ ተበትኗል፣ ከፊሉ ከአፈር በታች ነው። የጎደለው እነዚህን አገናኝቶ የሚጠይቅ ጥናት ነው። ለዚህ ጥናት ደግሞ ከጣራ ገዳም ተዳፋት እስከ ጣና ዳርቻ ያለው አገር እጅግ የተመቸ ስፍራ ነው።

ግንቡን ማን አበላው?

የጎንደርን ዘመን የምናውቀው በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች ነው። በእንፍራዝ ያለው የጉዛራ ግንብ ከዐፄ ሠርጸ ድንግል (1563–1597) ስም ጋር ይነሣል፤ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዜና መዋዕሎቹ ዘመቻውን፣ ሹም ሽሩን፣ የሃይማኖት ጉባኤውን ዘመን እየለዩ ይተርካሉ። በምሁራን እጅ የታተመው “ሥርዓተ ግብር” እንኳ፣ ስለ ምግብ ከተጻፉት ጥንታዊ ጽሑፎቻችን አንዱ ሆኖ ሳለ፣ የሚናገረው ስለ ንጉሡ ግብር ነው። ያን ሁሉ እንጀራ የጋገረችው፣ ጠጁን የጣለችው፣ እህሉን የፈጨችው ሴት በታሪኩ ውስጥ ስም የላትም። ንጉሡ ሲዘምት ከሠራዊቱ ጋር የሚጓዙ ፈጪዎችና እንጀራ ጋጋሪዎች ነበሩ፤ ያለ እነሱ ጦሩ የሚበላው አልነበረውም። ስለዚህ ማጀቱን ማጥናት የታሪክን ትርፍ ነገር መልቀም አይደለም። መንግሥት በምን ጉልበት ይቆም እንደነበር መጠየቅ ነው።

ይህን መንገድ ሌሎች ቀድመው ጀምረውታል። የቢዛንታይን ታሪክ ለረጅም ጊዜ የቁስጥንጥንያ ነገሥታትና የቤተ ክርስቲያን ጉባኤያት ታሪክ ሆኖ ነበር የሚጻፈው። በ1990 ኒኮላስ ኢኮኖሚዴስ የተባለው የታሪክ ሊቅ ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ የንብረት ዝርዝሮችንና ኑዛዜዎችን ይዞ፣ በቢዛንታይን ሰው ቤት ውስጥ ምን ዕቃ ነበር ብሎ ጠየቀ። በ1059 ኤውስታቲዮስ ቦይላስ የተባለ ባላባት የተናዘዘው ኑዛዜ መጻሕፍቱን፣ ቅዱሳት ሥዕላቱንና ነፃ ያወጣቸውን ባሮች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ቦይላስ ስለ ዕለት ኑሮው ለመጻፍ አላሰበም፤ ያሰበው ንብረቱን ለመደልደል ነበር። ሆኖም ንብረት በሕግ ፊት ሲቆጠር የቤቱ ውስጥ ይገለጣል። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ሰው ስለ ኑሮው ባይጽፍም፣ ሲሸጥ፣ ሲያወርስና ሲካሰስ ኑሮውን ሳያስበው ይመዘግባል።

ይህ ንጽጽር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ሞግዚትና ስለ ባሪያ በሚደነግገው ሥጋዊ ክፍሉ ከምንጮቹ አንዱ ፕሮኬይሮስ ኖሞስ የተባለው የቢዛንታይን የሕግ መጽሐፍ ነው። የቁስጥንጥንያ ዳኞች ለቤተሰብ የደነገጉት በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በኩል አልፎ እስከ ጎንደር ችሎት ደርሷል ማለት ነው። በሕግ መጽሐፍ የተጻፈ ሁሉ ግን በቤት ውስጥ ተፈጽሟል ማለት አይደለም። አባት ለሴት ልጁ ምን እንዳወረሰ ለማወቅ ሕጉን ሳይሆን ውርሱን የመዘገበውን ጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል። ይህም ጽሑፍ አለን።

የብራናው ኅዳግ

በጎንደርና በዙሪያው ባሉ አድባራት ወንጌሎች ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ፣ በተለይ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜና ክርክር ተመዝግቧል። ሥርዓቱን ከመዝገቦቹ ተነሥቶ በዐይነ ኅሊና ማየት ይቻላል። ሻጭና ገዢ ቀርበዋል፤ ዋሱ ተጠርቷል፤ ሹማምንቱና ካህናቱ በእማኝነት ተቀምጠዋል። ዋጋው በወርቅ ወቄት ወይም በአሞሌ ጨው ይነገራል። ጸሐፊው ስማቸውን ተራ በተራ አስፍሮ ሽያጩን በቅዱሱ መጽሐፍ ላይ ያጸናዋል። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ ከሹመት ሲሻኝና ከዳንኤል አያና ጋር እነዚህን መዛግብት በፎቶግራፍ አስነሥቶ መረመረ፤ በ2000 የታተመው በክርስቲያናዊው መንግሥት መሬትና ኅብረተሰብ ላይ ያተኮረ መጽሐፉም ከዚህ ሥራ የተገኘ ነው።

ከመዝገቦቹ የሚወጣው ቤተሰብ በዘልማድ ከሚነገረው ይለያል። ሴቶች ገዢዎች፣ ሻጮች፣ ወራሾችና ተናዛዦች ሆነው ይታያሉ። ልጅ ከአባቱም ከእናቱም ወገን ይወርሳል፤ ባልና ሚስትም እያንዳንዳቸው ከየወገናቸው ያገኙት ርስት ይኖራቸዋል። ይህ ስለ ጓዳው ብዙ ይናገራል። የራሷ መሬት ያላት ሚስት በቤቱ ውስጥ የምትናገረው ቃል መሬት ከሌላት ሚስት ቃል ጋር እኩል ሊመዝን አይችልም። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጋብቻ በዋስ የሚታሰርና አፍራሹ ካሳ የሚከፍልበት ውል እንደነበር መዝግቧል። ሁለቱ ምስክሮች ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይራራቃሉ፤ ትዳርን ንብረትና ዋስ የሚቆሙበት ውል አድርገው በማሳየት ግን ይገጥማሉ።

ገድሎችም በዚህ ረገድ ከሚታሰበው በላይ ይሰጣሉ። በ1672 የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ በጣና ዙሪያ የኖረችውን እናት ቅድስና ለመመስከር የተጻፈ ነው። ቅድስቲቱ ከታላቅ ወገን ተወልዳ ሳለ ራሷን ዝቅ ማድረጓን ለማሳየት ጸሐፊው ውሃ መቅዳቷን፣ እንጨት መልቀሟን፣ እህል መፍጨቷን ይተርካል። ይህ ለገድሉ የትሕትና ምስክር ነው። ለታሪክ አጥኚ ደግሞ ሌላ ምስክር ይሆናል፤ የእመቤቲቱ እጅ ወፍጮ ሲነካ ድንቅ ተብሎ የሚጻፈው፣ በዘወትር መጁን የምትይዘው ሌላ ስለነበረች ነው። በትልልቅ ቤቶች ውስጥ ያቺ ሌላ ሴት ብዙ ጊዜ ባሪያ ነበረች። የቤተሰብን ታሪክ ስንጽፍ የባለቤቶቹን ብቻ ጽፈን፣ በ1942 በአዋጅ እስከ ተሻረ ድረስ በዚያው ጣሪያ ሥር የኖረውን ባርነት ብናልፈው ሥራችን ግማሽ ይሆናል።

መንገደኞቹን በተመለከተ፣ ከ1624 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የቆየው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ ክብ የሣር ቤቶችንና የቤት ዕቃዎችን ይገልጻል። በ1770 በዚህ አገር ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንፍራዝን በተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠች፣ ሦስት መቶ ያህል ቤቶች ያሏት፣ ከቤቶቹ በላይ ዛፍ የሞላው የአትክልት ቦታ ያላት ከተማ አድርጎ ያሳየናል። የጎንደር ቤቶችም በአብዛኛው የጭቃ ግድግዳና ሾጣጣ የሣር ክዳን እንደነበራቸው ጽፏል። ዛሬ ማንም የሚያውቀውን የግንብ ከተማ ስናስብ፣ በግንቡ ዙሪያ ይኖር የነበረው ሕዝብ በሣር ቤት ውስጥ እንደነበር ይህ ቃል ያስታውሰናል።

አፈሩ የሚናገረው

ጽሑፍ የሚደርሰው መሬት እስካለው ሰው ድረስ ነው። ርስቱን በወንጌል ኅዳግ ያላስመዘገበው ጭሰኛ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ባሪያዋ በአፈር እንጂ በብራና አይገኙም። የሣርና የጭቃ ቤት ፈጥኖ ይፈርሳል፤ የተረገጠ ወለል፣ የምድጃ አመድ፣ የእህል ጉድጓድ፣ የምጣድና የእንስራ ስባሪ ግን ይቆያል። አርኪዮሎጂስት የምድጃ አፈር ውሃ ውስጥ በጥብጦ የከሰሉትን ዘሮች ያንሳፍፋል፤ ጤፍና ገብሱን፣ ሽምብራና ኑጉን ይለያል። የሸክላው ገላ የመጠጠው ስብ ሲመረመር ድስቱ ወተት ይፈላበት ወይም ሥጋ ይቀቀልበት እንደነበር ሊታወቅ ይችላል። ከሰሉም ቢሆን የየዛፉን ዐይነት ይናገራል። እዚህ ላይ የጣራ ገዳም ደን ትልቅ ጥቅም አለው። ዙሪያው ሲመነጠር ወይራውንና ሌላውን የአገር ዛፍ ጠብቆ ያቆየ በመሆኑ፣ ባሕር ዛፍ ከመምጣቱ በፊት የነደደው ምን እንደነበር ለማወቅ ከምድጃ የተገኘውን ከሰል የምናመሳክርበት ሕያው መዝገብ ነው።

የት መቆፈር እንዳለበትም የመሬቱ ጠባይ ይጠቁማል። የፎገራ ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በውስጡ ያለውን ያናውጣል። ርብና ጉማራም በየዓመቱ ደለል ይጨምሩበታል። ሜዳው ሩዝ ሳይገባበት በስሙ የሚጠራው የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር። ቤትና ጓሮው ውሃ ከማይደርስበት ከተዳፋቱ ግርጌ መፈለጉ ምክንያታዊ ነው፤ ጣራ ገዳምም በዚህ ሜዳና ተዳፋት ዳርቻ የቆመ ነው። ዙሪያውም ብቸኛ የገበሬ አገር አልነበረም። ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነ ገበያ ነበር፤ ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች፤ በጎንደር ዙሪያ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሚሠሩት ሸክላ ለክርስቲያኑ ምድጃ ይቀርብ ነበር። የአንድ ቤት ማጀት በእነዚህ ሁሉ እጅ የተሟላ ነው። የሸክላው ስባሪ ከየት እንደመጣ ሲታወቅ፣ በሃይማኖት የተለያዩ ጎረቤቶች በዕቃና በምግብ እንዴት እንደተሳሰሩ አብሮ ይታወቃል።

ይህ ከንቱ ምኞት እንዳልሆነ የተሠሩት ሥራዎች ያሳያሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጆአን ዶምብሮውስኪ ከጣና በስተምሥራቅ በያኔው በጌምድር ሁለት ዋሻዎችን ቆፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 500 ዓመት ገደማ የሚደርስ ገብስና ሽምብራ አግኝታለች። በ1990ዎቹ በአክሱም የተካሄደው ቁፋሮ የጤፍ ዘር አውጥቷል። በቪክቶር ፈርናንዴዝ የተመራው የማድሪድ ቡድን ደግሞ በአዘዞ፣ በደንቀዝና በጎርጎራ የኢየሱሳውያንን ሕንፃዎች መርምሮ ውጤቱን በ2017 አሳትሟል። ስለዚህ የሽሮና የቆሎው እህል እጅግ ጥንታዊ መሠረት እንዳለው በማስረጃ እናውቃለን፤ ወጡን ያቀላው በርበሬ ግን ኋላ የመጣ መሆኑንም እንዲሁ እናውቃለን። ከበርበሬ በፊት የነበረችው ሴት ወጧን በምን ታጣፍጥ ነበር? ሰናፍጭ፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ተልባና ኑግ ለመልሱ ቅርብ ናቸው፤ እነዚህም በጾም ወራት ምግባችን ውስጥ እስከ ዛሬ አሉ። ይህን ግምት የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው የአንድ ዘመኑ የታወቀ ምድጃ አመድ ነው።

ለተቃዋሚዎች መልስ

አንደኛው ተቃውሞ፣ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች እያሉ መቆፈር ምን ያስፈልጋል የሚል ነው። ባልቴቲቱ ከወፍጮና ከመጅ፣ ከጋንና ከጌሾ ጋር ያላት እውቀት በምንም አይተካም። በቁፋሮ የወጣ ድንጋይ ለምን እንደዋለ፣ ለምን በአንድ ጎኑ እንደተበላ የምትነግረን እሷ ናት። የእሷ ትውስታ ግን የሚደርሰው እስከ አያቷ፣ ቢበዛ እስከ ቅድመ አያቷ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን “ዱሮም እንዲሁ ነበር” የሚለው ቃል ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሕያው እውቀት የተገኘን ዕቃ ለመረዳት መነሻ ይሁን፤ ዘመን መቁጠሪያ ግን አይሁን።

ሁለተኛው፣ የመንገደኞቹ ቃል በንቀትና በሃይማኖት ጠብ የተበከለ ነው የሚል ነው። እውነት ነው። አልሜዳ አገሩን የተመለከተው ካቶሊክ ሊያደርገው በመጣ ሰው ዓይን ነው፤ ብሩስም ራሱን ማግነን ይወድ ነበር። ሆኖም ፍርዳቸውንና ያዩትን መለየት ይቻላል። መንገደኛው ሕዝቡን ቢነቅፍ ነቀፋው የራሱ ነው፤ ጣሪያው ሣር ነበር ሲል ግን ከአፈሩና ከአገሩ ጽሑፍ ጋር ተመሳክሮ ይፈተናል። አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃም፤ ሦስት ተጻራሪ ምክንያት ያላቸው ምስክሮች ሲገጥሙ ግን ልንቀበላቸው ይገባል።

ሦስተኛውና ከባዱ ከስሜት የሚነሣ ነው። እንጀራችንን፣ ወጣችንንና ቡናችንን አዲስ ነው ማለት ማንነታችንን ማራከስ መስሏቸው የሚቆረቆሩ አሉ። መቆርቆሩ ክቡር ነው፤ ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም። ከውቅያኖስ ማዶ የመጣን በርበሬ ተቀብሎ፣ ከአገሩ ቅመም ጋር አዋሕዶ፣ ዛሬ ከእኛነታችን ተለይቶ የማይታይ ያደረገው የእናቶቻችን ብልሃት ነው። በሩዝም ላይ የፎገራ ቤተሰቦች በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንጀራ ማድረግን ተምረዋል። ምንም አልተለወጠም የምንል ከሆነ ይህን ብልሃት ከእነሱ እንነጥቃቸዋለን፤ አስበው የመረጡትን ሰዎች ሳያስቡ የወረሱ እናደርጋቸዋለን። አበውንና እማትን ማክበር የእኛን ኑሮ በእነሱ ላይ መጫን አይደለም፤ የራሳቸውን ኑሮ ለራሳቸው መመለስ ነው።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ የመስኖ ቦይ፣ መንገድና የከተማ መስፋፋት መሬቱን በየጊዜው ይገለብጡታል። ብራናዎቹም እሳት፣ ዝናብና ሌባ ያሰጋቸዋል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል። በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የታሪክና የቅርስ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ከግንቡ አልፈው ወደ ፈረሰው መንደር፣ ወደ አመድ ክምሩና ወደ ሸክላው ስባሪ ይላኩ። ቦይና መንገድ የሚቆፍሩ መሥሪያ ቤቶች ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ቦታው በባለሙያ እንዲታይ ያድርጉ። የአድባራትና የገዳማት አለቆች ደግሞ መጻሕፍቱ ከዕቃ ቤት ሳይወጡ፣ በእነሱ ፈቃድና ጥበቃ፣ ኅዳጋቸው ፎቶግራፍ እንዲነሣ ይፍቀዱ። አንባቢም የድርሻውን ማድረግ ይችላል። በቤቱ አሮጌ ወፍጮ፣ የአያት ኑዛዜ ወይም የርስት ወረቀት ያለው ሰው ከመጣሉ ወይም ከመሸጡ በፊት ለሚያጠና ሰው ያሳየው። የጎንደር ዘመን ታሪክ የተሟላ የሚሆነው የነገሥታቱን ግብር የጋገሩት ሰዎች በታሪኩ ውስጥ ቦታቸውን ሲያገኙ ነው።